ቱሪስቶቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ

ከሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት ገና ቡና ሳልጠጣ ስልኬ ጮኸ፣ ሳየው ጋሼ ነው። ጋሼ የምለው የጀልባ ሾፌር ነው፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ እሱ ፌስቡክ የለውም ግን ልጆቹ አላቸው። "አንተ ፎቶ፣ አለህ ወይ?" አለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። አለሁ ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ ስለው ሚስቱ በራቸው ላይ ትንሽዬ ቡና ቤት ከፍታለች እና ግድግዳው ባዶ ሆኖ አስጠልቶታል፣ ስለዚህ ያኔ ፈረንጅ ሳመላልስ ያነሳኸኝን አሳጥበህ ስጠኝ፣ ብሩን እከፍላለሁ አለ። "እኔ ከነጀልባዬ፣ ፈረንጆቹ ተቀምጠው፣ አለ አይደል፣ እንደዛ።" ኧረ ሞልቶ ጋሼ፣ በሚቀጥለው እሁድ አመጣልሃለሁ አልኩት።

ማታ ሃርድ ዲስኩን ሰካሁት። "ጣና 2011" የሚል ፎልደር አለ፣ 40 ጊጋ ምናምን። ከፈትኩት። መነኩሴ አለ። የቤተክርስቲያን ጣሪያ አለ። ፔሊካን አለ፣ ኧረ ፔሊካንማ ለጉድ ነው። ጭጋግ ውስጥ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውዬ አለ፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ባህርዳር ያለ ፎቶግራፈር ሁሉ ያቺን ፎቶ ካላነሳ መታወቂያ የሚከለከል ነው የሚመስለው። ፈረንጅ ግን የለም። ጋሼም የለም። አንድም።

የዛን ጊዜ ስንቴ ነው እሱ ጀልባ ላይ የወጣሁት? አስር ጊዜ ይሆናል፣ ሁሌም በነፃ፣ ሁሌም ከፊት ጫፍ ላይ፣ ሁሌም ከቱሪስት ጋር። እንዴት አንድ ፎቶ ይጠፋል? ከዛ ትዝ አለኝ። ራሴ ነኝ ያጠፋኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የሰርግ ፎቶግራፈር ነኝ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ጥር ደሞ ለኛ መኸር ነው፣ ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ቁጭ ማለት የለም፣ ማታ ማታ ጆሮዬ ላይ ክላክስ ይጮሃል። እና በመሀል አንድ ባዶ ቀን ሳገኝ ሐይቁ ላይ ወጥቼ "የራሴን ስራ" እሰራለሁ። የራሴ ስራ የምለው መነኮሳት፣ ገዳም፣ ብርሃን፣ ዝምታ ምናምን ነው። በሰርግ ላይ 400 ሰው ካሜራዬ ውስጥ ስለሚገባ እዛ ማንም እንዲገባብኝ አልፈልግም ነበር። ቱሪስት ደሞ በተለይ። ያ ባለ ብዙ ኪስ ሱሪ፣ ያ ባርኔጣ፣ ያ የፕላስቲክ ውሃ። ፍሬም ውስጥ አንድ ብርቱካናማ ቦርሳ ከታየ ፎቶው ለኔ ሞተ ማለት ነው።

የዛን ቀን፣ ጥር 2011፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ ገደማ ነው፣ ጎንደር ጥምቀትን ያከበረው ቱሪስት ወደኛ የሚወርድበት ሰሞን። ጋሼ አምስት ሰው ጭኗል፣ አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ፈረንሳዮች፣ ሁለት ወጣቶች የየት ሀገር እንደሆኑ ያልጠየቅኳቸው፣ እና አንዲት ሆላንዳዊት፣ ወደ ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሰፊ የሳር ባርኔጣ ያላት። ጋይዱ ደሞ ጎረምሳ ነው፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ነው የሚወርደው። እኔ አዲስ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ገዝቼ ነበር (በሁለት ሰርግ ቀብድ፣ ለእናቴ እንዳትነግሩ)፣ እሱን ለመሞከር ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል፣ ሐይቁ መሀል ደሴት ላይ ያለው ገዳም። ክብራን ሴት አይገባበትም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዛው ነው፣ ድሮ የተሰራ ስርዓት ነው እና ማንም ቱሪስት ስለከፈለ አይቀየርለትም። ወንዶቹ ከጋይዱ ጋር ወጡ። ሴቶቹ ወይ እዛው አጠገብ ወዳለው እንጦስ ይሄዳሉ ወይ ጀልባ ላይ ይጠብቃሉ፣ ፈረንሳይዋ ሴትዮ ደክሟት ስለነበር ጀልባው ውስጥ ተጋደመች። እኔ ክብራንን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ እና እዛው ቀረሁ።

ታዲያ የገዳሙ አንድ አባት ወደ ወደቡ ወረዱ፣ ቢጫ ቀሚስ፣ ቢጫ ቆብ፣ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከጋሼ ጋር ስለ ናፍጣ ይሁን ስለ ጨው ብቻ የሆነ ነገር ተነጋግረው ተመለሱ። ሆላንዳዊቷ እሳቸውን ስታይ ብድግ አለች። "ልክ እንደ አንኮር!" አለች። አንኮር የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው፣ እዛው ጀልባ ላይ፣ አልዋሽም። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

ካምቦዲያ ነው። አንኮር ዋት የሚባል በጣም ትልቅ የድንጋይ ቤተ መቅደስ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዳግማዊ ሱርያቫርማን የሚባል ንጉስ ለሂንዱ አምላክ ለቪሽኑ ያሰራው፣ በኋላ ግን የቡዲስቶች ሆኗል። የኛ ላሊበላም 12ኛው፣ 13ኛው ክፍለ ዘመን አይደል፣ እኩዮች ናቸው ማለት ነው፣ አንዱ ወደ ላይ ሲከመር አንዱ ወደ ታች ሲፈለፈል። እና መነኮሳቱ! ፀጉራቸው ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ፣ ልብሳቸው ብርቱካናማ፣ ከኛዎቹ ቢጫ ትንሽ ደመቅ ያለ፣ አንድ ትከሻቸው ባዶ። ሴት እነሱን መንካት አትችልም፣ ተጠግታም አትቀመጥም አለችኝ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ደሞ ማስፈቀድ እንዳለ ለጎብኚ በተጻፈው ደንብ ላይ አለ። ጋሼ ከኋላ ሆኖ እየሰማ ነበር፣ "እነሱም ሴት ይፈራሉ?" አለ። ተርጉምላት አለኝ፣ አልተረጎምኩም።

ከዛ ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። አንደኛው ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ከቤተ መቅደሱ ፊት ኩሬ አለ፣ አምስቱ ግንብ ኩሬው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፣ ሰው የሚባል የለም፣ ፀጥ ያለ፣ ውበቱ አያድርስ። ዋው አልኩ። ሁለተኛውን ስታሳየኝ ሳቅኩ። እዛው ቦታ ቆማ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ ያነሳችው ነው። ሰው በሰው ላይ! በመቶ የሚቆጠር ሰው፣ ትራይፖድ በትራይፖድ ላይ፣ ስልክ የያዘ እጅ እንደ ጥምቀት ጧፍ ወደ ላይ ተነስቶ፣ አንዱ አንዱን በክርኑ ሲገፋ፣ እና መሀላቸው ላይ ሶስት ወጣት የቡድሃ መነኮሳት እነሱም በስልካቸው ሰልፊ ሲነሱ። ለካ እነሱም ከሌላ ቦታ ለመሳለም የመጡ እንግዶች ናቸው። ያንን ቤተ መቅደስ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የውጭ ሰው ይጎበኘው ነበር ያኔ። "የምወደው ይሄን ነው" አለችኝ ሁለተኛውን እያሳየችኝ። ለጨዋነት ያህል ራሴን ነቀነቅኩ፣ በሆዴ ግን ሴትዮዋ ፎቶ አይገባትም አልኩ።

ጋሼ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ከጀሪካን ቤንዚን እየሞላ ነበር። እኔ ሌንሱን ልሞክር ብዬ ወደዛው ሁለት ሶስት ጊዜ ተጫንኩት። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከክብራን ወደ ዘጌ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ያለችው ባሕረ ገብ ምድር። ዑራ ኪዳነ ምህረት ሴትም ወንድም ይገባበታል፣ ስለዚህ ሁሉም ቱሪስት መጨረሻው እዛ ነው። ከወደቡ እስከ ቤተክርስቲያኑ በቡና ጫካ ውስጥ የምትሄዷት መንገድ አለች፣ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፣ የደንገል ታንኳ በትንሹ፣ ብራና ላይ የተሳለ ስዕል፣ የአንገት መስቀል፣ የተቆላ ቡና፣ ልጆቹ "ሃሎ! ጀስት ሉክ!" እያሉ ይከተላሉ፣ ጦጣዎቹ ደሞ ከላይ ሆነው የማን ቦርሳ እንደተከፈተ ያያሉ። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ አይታረስም፣ ያ አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ሲመሰርቱ ያስቀመጡት ነው ይባላል፣ ለዛም ነው ጫካው እስከዛሬ የቆመው፣ ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። እነዚህን ሱቆች በሙሉ ከፎቶዬ አስወጥቻቸዋለሁ። ጫካ ብቻ ነው ያለኝ። የማን ጫካ እንደሆነ አይታወቅም።

ውስጡን ያላያችሁ ካላችሁ እዩት። ክብ ነው፣ ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ይዞራል፣ መሀል ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ አለ፣ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በስዕል ተሸፍኗል፣ ጨርቅ ላይ ተስሎ የተለጠፈ። በሮቹ ግዙፍ ናቸው፣ አንድ በር ሲከፈት ብርሃኑ እንደ ውሃ ነው የሚገባው እና ስዕሉ በየተራ ይነሳል። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ቀለሙን ይጎዳዋል ይባላል። ስለዚህ ካሜራውን ለጨለማ ማስተካከል ነው፣ አይኤስኦ 3200፣ ሸተር 1/60፣ ትንፋሽ ይዞ መጫን ነው። ጋይዱ በረጅም ዱላ እየጠቆመ ያስረዳል፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸው ጋር፣ አቡነ አረጋዊ በዘንዶው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ባንድ እግራቸው። ሽማግሌው ፈረንሳዊ "ለምንድነው አንዳንዱ ሁለት አይን፣ አንዳንዱ አንድ አይን ያለው?" ብሎ ጠየቀ፣ ጎበዝ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት አይኑ ይሳላል፣ ክፉ ሰው በጎን፣ ባንድ አይኑ። በላዔ ሰብም እዛው አለ፣ 78 ሰው በልቶ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ያጠጣው፣ ሚዛኑ ላይ ጥላዋን የጣለችለት። ሰውዬው ይሄን ታሪክ ሲሰማ የሚስቱን እጅ ያዘ። እኔ ምን አደረግኩ? ሁለቱ ከስዕሉ ፊት ዞር እስኪሉልኝ ድረስ በትዕግስት ጠበቅኩ። ዞር አሉ። ስዕሉን ብቻ አነሳሁ። እንደዛ አይነት ስዕል ፎቶ በየፖስትካርዱ ላይ አለ እኮ።

ከውጪ ደሞ የዋናው ስራ ቦታ ነው። ግቢው በር ጋ ድንጋዩ ላይ አንድ አባ ይቀመጣሉ፣ ዕድሜያቸውን አላውቅም፣ ፊታቸው ግን መቼም ፎቶግራፈር ሲያየው እጁን የሚበላው ፊት ነው፣ ሽብሽቡ፣ ጺሙ፣ አይናቸው ትንሽ ሰማያዊ መጣል የጀመረ። ቱሪስት ሁሉ እሳቸው ጋ ይሰለፋል። ከወጣቶቹ አንዱ ሌንሱን አፍንጫቸው ስር ወሸቀው፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ እሳቸውም አይናቸውን ጨፍነው ጠበቁት፣ እንደ ዝንብ። ሲጨርስ ብር ሊሰጣቸው እጁን ዘረጋ፣ በመቋሚያቸው ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ ጠቆሙት።

እኔማ የሀገር ልጅ ነኝ፣ ስርዓት አውቃለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ ጎንበስ ብዬ "አባ ይፍቱኝ" አልኩ። "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉ፣ መስቀላቸውን ተሳለምኩ፣ ፎቶ ላንሳዎት ወይ አልኳቸው፣ አንሳ አሉ። በአዲሷ 85 ፊታቸውን ብቻ፣ ከግንባር እስከ ጺም፣ ኋላው ሟሙቶ። እንዳማረች አውቄያለሁ። ኩራት ይዞኝ ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋቸው። ጠጋ አርገው ብዙ አዩትና "መስቀሉስ?" አሉ።

"አባ?"

"መስቀሉን ቆረጥከው። ፊቴማ ምን ያደርግልሃል?"

ዲያቆኑ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ ሳቀ። ሌላ አነሳሁላቸው፣ መስቀሉን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ልክ እንደ ድሮ የስቱዲዮ ፎቶ። ያኔ አልወደድኩትም፣ ደረቅ ነው ብዬ። ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት የመጀመሪያውን ነው። ብዙ ላይክ አግኝቷል፣ አሁን ላይ ሳየው አፍራለሁ፣ ሰውየው በግልጽ አማርኛ ነግረውኛል እኮ።

እና አሁን ወደ ወንጀሉ። የቤተክርስቲያኑን ሙሉ ገጽታ ባዶ ሆኖ ማንሳት ፈለግኩ፣ የሳር ክዳኑን፣ ጉልላቱን ከነሰጎን እንቁላሉ፣ በሩ ላይ አባ ብቻ ተቀምጠው። ግን ግቢው በሰው ሞልቷል። ለዚህ ዘዴ አለ፣ የፎቶ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ትተክላላችሁ፣ ሳይነቃነቅ በየ10 ሴኮንዱ 15 ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ፎቶሾፕ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድራችሁ "ሚዲያን" ትሉታላችሁ። ሶፍትዌሩ ለያንዳንዷ ነጥብ ከ15ቱ መሀከለኛውን ቀለም ይመርጣል። ስለዚህ አብዛኛው ፎቶ ላይ ያለ ነገር ይቀራል፣ ግድግዳው ይቀራል፣ ዛፉ ይቀራል፣ ለአንድ ሁለት ፎቶ ያህል ቆሞ የሄደ ሰው ግን እንዳልነበረ ይሆናል። አባ ሳይነቃነቁ ስለተቀመጡ ቀሩ። አምስቱ ቱሪስት፣ ሌላ ጀልባ ያመጣው ወደ ሃያ የሚሆን ቡድን፣ ጋይዶቹ፣ ታንኳ ሻጯ ልጅ፣ የቱሪስቶቹን ውሃ ተሸክሞ ወዲህ ወዲያ የሚል ጋሼ፣ ሁሉም ጠፉ። ፑፍ።

ከዛ ደሞ ሃርድ ዲስክ ውድ ነው፣ ቦታ ይበላል ብዬ 15ቱን ኦሪጅናል ዴሊት አደረግኳቸው። በየጊዜው እንደዛ ነበር የማደርገው። ራው ፋይል፣ ካሜራው ሳይጨምቀው የሚያስቀምጠው ማለት ነው፣ አንዱ ወደ 25 ሜጋ ነው፣ ሰርግ ደሞ እየመጣ ነው።

ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ስለጥፋት ሰው "ወይኔ እንዴት ባዶ አገኘኸው፣ ምን አይነት ሰላም ነው" ብሎ ጻፈልኝ። አንድ ጉድ ብቻ ነበረባት። በሩ በስተግራ፣ ደረጃው ጋ፣ አንድ የሳር ባርኔጣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው የለውም። ሆላንዳዊቷ ናት፣ እዛ ተቀምጣ ጭንቅላቷ ዝም ብሎ እጅና እግሯ ስለተንቀሳቀሰ ሶፍትዌሩ ባርኔጣውን ትቶ እሷን በላት። ፌስቡክ ላይ ማንም አላየውም፣ እኔም ሳላየው ነው የለጠፍኩት፣ በኋላ ሳየው ተናድጄ "የተበላሸ" የሚል ፎልደር ውስጥ ወረወርኩት።

ከዛ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣ፣ በ2013 ጦርነቱ፣ ከዛ ደሞ የክልላችን ነገር፣ እሱን አሁን ልጽፈው አልችልም። ጋይዱ ጎረምሳ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳንዴ ሲያደርሰኝ ያንን ስለ በላዔ ሰብ የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ፣ አንዲት ቃል አልረሳም፣ ቀበሌ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሚዛኑ ላይ ይደርሳል። ጋሼ ከዘጌ ቡናና እንጨት ያመላልሳል፣ በወሩ በ16 ለኪዳነ ምህረት የሚሄድ ምዕመን ይጭናል፣ እሱም መንገዱና ውሃው ሰላም በሆነ ቀን ነው። እምቦጩ ደሞ ሞተሩን ይይዝበታል፣ ያ አረም ሐይቁ ላይ የታየው እንደ ፈረንጆቹ 2011 ነው፣ አሁንም አለ።

ዓምና ከየካቲት 16 ክብረ በዓል ሶስት አራት ቀን በኋላ ዑራ ሄጄ ነበር። በበዓሉ የመጣው ሕዝብ ተበትኗል። ያ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፣ በር ላይ የተሰቀለው ታንኳ ፀሐይ ነጭ አርጎታል። ካሜራ ይዤ ስለነበር ከልምድ የተነሳ ትራይፖዱን እዛው ቦታዬ ላይ ተከልኩ። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ጨረስኩ። ሁለተኛ ፎቶ አላስፈለገም፣ የሚያልፍ ሰው የለም። ያኔ በ15 ፎቶና በሁለት ሰዓት ፎቶሾፕ ያመጣሁትን ባንድ ክሊክ አገኘሁት፣ እመኑኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩዋቸው አትለዩም፣ ካለ ባርኔጣዋ።

አባ አሉ፣ ተመስገን። መስቀላቸውን የያዙበትን ፎቶ አሳጥቤ ወስጄላቸው ነበር። ተቀብለው ዲያቆኑን ጠርተው ዕቃ ቤት አስገባው አሉት። "ያኔ የነበሩት እንግዶች ደህና ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ። የማውቃቸው መስሏቸው ነው። ደህና ናቸው አባ አልኳቸው፣ ምን ልበል።

እና ቅዳሜ ማታ ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ፎልደር በፎልደር ስፈትሽ ቆየሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ "ሌንስ ቴስት" የሚል አገኘሁ። አብዛኛው የግድግዳ፣ የሻማ፣ የእህቴ ልጅ አይን ነው። መጨረሻ ላይ ሶስት ፎቶ አለ፣ ክብራን ወደብ። ሁለቱ ብዥ ብለዋል። ሶስተኛው ብዥ አላለም። ውሃው ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፣ አንግሉ ጠማማ ነው፣ ግን አሉ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ከቢጫ ጀሪካን ቤንዚን እየሞላ ምላሱን በጥርሱ ይዟል። ፈረንሳይዋ ላይፍ ጃኬቱን ተንተርሳ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሆላንዳዊቷ ባርኔጣዋ ስር ስልኳን ወደኔ ዘርግታ የሆነ ነገር እያሳየች ነው፣ ጠጋ አርጌ ዙም ሳደርገው ስክሪኑ ላይ ያ የአንኮር ሕዝብ ነው፣ ብርቱካናማ ነጠብጣቦቹ ይታያሉ፣ ሶስቱ መነኮሳት መሆናቸው ነው። ከኋላ ደረጃው ላይ ደሞ ወደ ገዳሙ የሚመለሱት የክብራኑ አባት ጀርባ፣ ቢጫ።

ፎቶዋን ወደ ብርሃን ላመጣት ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዛ ምንም ሳልነካት ተውኳት፣ ጠማማነቱን ብቻ እንኳን አላቀናሁም። ለማቀናት ከዳር መቁረጥ ይፈልጋል፣ ከተቆረጠ ደሞ የጀልባው ጫፍ ይሄዳል።

30 በ40 አሳጠብኳት፣ ፍሬም ከራሴ። ትናንት እሁድ ወሰድኩለት። ቡና ቤቷ ገና ቀለም ትሸታለች፣ አራት በርጩማ፣ ረከቦት፣ ሚስትየዋ ሁለተኛውን እየቀዳች። ጋሼ ፎቶውን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ወጣ። እኔ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አንኮር ልነግረው ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ፣ ሞተሩ ላይ፣ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው።

"ያኔ አዲስ ነበረች" አለ። "እያት እስቲ ክዳኗን። ጭረት የለባትም።"

ሚስማር ፍለጋ ገባ።